በደረቴ ያየሁት ገደል

ከፍታ አልፈራም። የምፈራው ገደል ነው።

ልዩነቱ ብዙ ሰው አይገባውም። አዲስ አበባ ነው ተወልጄ ያደግሁት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ማለት ነው፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን አልፎ ነው፣ እዚያም ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም። አውሮፕላን ላይ የመስኮት ወንበር ከደረሰኝ ደስ ይለኛል። ግን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ላሰጣ በረንዳ ስወጣ ጀርባዬን ከግድግዳው አላላቅቅም። ልብሱን ገመዱ ላይ የምወረውረው ከሩቅ ነው። ስንት ካልሲዬ ቁልቁል ሄዶ እንደቀረ ቤት ይቁጠረው።

ጫፍ ነው ችግሬ። መሬቱ የሚያልቅበት ቦታ።

አማርኛችንም እኮ ገደልን አይወደውም። ሥራ ሲበላሽ ገደል ገባ እንላለን። ብር ሲጠፋም ገደል ገባ። የተናደድንበትን ሰው ገደል ግባ ብለን እንሸኘዋለን። ጮኸን ድምፃችን ሲመለስ እንኳ የገደል ማሚቶ ናት የመለሰችው። ልጅ ሆኜ ይቺ ማሚቶ እውነተኛ ሰው ትመስለኝ ነበር። ታች ቁጭ ብላ፣ ሰው እስኪመጣላት የምትጠብቅ አሮጊት።

እና ገደል በገደል የሆነው ሰሜን ተራሮች ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተሸውጄ ነው። ጥር 2011 ላይ፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጥምቀትን ጎንደር ሊያከብር ተነሣ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ተጋፍተን፣ ጠበል ተረጭተን፣ እግራችን እስኪያብጥ ጨፍረን አበቃን። ከዚያ «እግረ መንገዳችንን ጭላዳ ዝንጀሮ አይተን እንመለሳለን» አለኝ። እግረ መንገድ ያለው ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ማደር ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ደባርቅ ከደረስን በኋላ ነው፣ ምግብ አብሳዩ ድንችና ሽንኩርት በጆንያ ሲያስጭን አይቼ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሙሉ የአክስቴ ልጅ ከስልኩ ያነብልናል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ ጋር ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1996 ዋልያው ስለተመናመነ፣ ሰፈራውና እርሻውም ስለገፋ፣ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። «እንኳን ደስ ያለው» አልኩ። እሱ በለቀቀው ቦታ እኔ ልገባ እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋ ከፍለን ስንጨርስ ስካውት፣ ማለት ጠመንጃ የያዘ አጃቢ፣ ተመደበልን። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። የእኛ ስካውት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ቀጭን። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጠመንጃ አንግተው፣ ባዶ እግራቸውን የፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ሰክተው መጡ። እኔ ደግሞ ለጉዞ ብዬ መርካቶ ግማሽ ቀን ተከራክሬ የገዛሁትን ቡት አድርጌአለሁ። ሦስቱን ቀን ሙሉ እሳቸው አንዴም አልተንሸራተቱም። እኔን ከመኪና ስወርድ ነው ያዳለጠኝ።

ቡይት ራስ ላይ ወርደን እስከ ሳንቃበር በእግር ጀመርን። ሰሜን ተራሮች ሲባል እኔ የጠበቅሁት ወደ ላይ የሾለ ነገር ነበር። አይደለም። ከላይ ሜዳ ነው። ሣር፣ አስታ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ እንደ ማንኛውም የደጋ አገር። ዝም ብላችሁ እያወራችሁ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ሜዳው ያልቃል፤ በቢላ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ። አንዳንዱ ቦታ ቁልቁለቱ 1,500 ሜትር ይደርሳል። አጥር የለ፣ ገመድ የለ፣ «ተጠንቀቁ» የሚል ነገር የለ።

አስጎብኚያችን፣ አንድ ደስ የሚል የደባርቅ ልጅ፣ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ እያሳየ ያስረዳል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ እየረጋ ነው አሉ ይህን ሁሉ የቆለለው፤ ውኃው ደግሞ ሲሸረሽረው ኖረ። እውነትም ንብርብሩ ይቆጠራል፣ መሶብ ላይ እንደ ተደራረበ እንጀራ። ይህን ያየሁት ግን በማግስቱ ነው። የዚያን ቀን ያየሁት የአንዲት አስታ ግንድ ብቻ ነው። አቅፌያት ስለነበር።

ምን እንደሚሰማ ላልደረሰበት ሰው ልንገር። መጀመሪያ መዳፍ ነው፣ ላብ በላብ ይሆናል። ከዚያ ጉልበት ቄጠማ ይሆናል። ከዚያ፣ ይሄ ነው ክፉው፣ መሬቱ ወደ ገደሉ የሚያዘነብል ይመስላል። ሜዳ ላይ ቆሜ ነው እኮ! አንድ ሰው ከኋላዬ በቀስታ የሚገፋኝ ይመስለኛል። ዞር ስል ማንም የለም። የአክስቴ ልጅ ይስቃል። አልፈርድበትም፣ ግንድ ያቀፈች ትልቅ ሴት ማየት ያስቃል።

አንደኛው ጓደኛው ግን ደግነት አማረው። «ኧረ ነይ፣ ምንም የለም፣ እኔ ይዤሻለሁ» ብሎ እጄን ሳበኝ።

ወገኖቼ፣ ገደል የሚፈራ ሰው አይሳብም። አይገፋም፣ አይሳብም፣ «ቀልድ ነው» ተብሎም አይነቀነቅም። ጮህኩ። አገር የሚያሰማ ጩኸት። ገደሉ ተቀበለና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መለሰው። ማሚቶዋ! ከልጅነቴ ጀምራ ስትጠብቀኝ ኖራ እዚያ አገኘችኝ።

ስካውቱ ሳይቸኩሉ መጡ። «ልቀቃት» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቁጭ በይ አሉኝ፤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ዱላቸውን ከእግሬ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገው መሬቱ ላይ ተከሉት።

«ይኸን እይ። ወዲያ አትይ።»

ዱላውን አየሁት። እስከ ዛሬ በቃሌ ልሥለው እችላለሁ። ጫፉ አጠገብ ተሰንጥቆ በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። መያዣው በእጅ ወዝ ጠቁሮ እንደ ቀንድ ያበራል። ከሽቦው ሥር አንዲት ሙጫ የመሰለች ነጠብጣብ አለች። ሽቦውን ስንት ዙር እንደሆነ ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ነው። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ መሬቱ ማዘንበሉን ትቶ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሠራ የገባኝ ወደ ቤት ተመልሼ ሳነብ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሜአለሁ ሲል እንኳ ሰውነቱ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውን የሚያርመው በጆሮው ውስጥ ባለው ሚዛን፣ በእግሩ ስሜትና በዓይኑ ነው። ዓይን ደግሞ የሚረዳው በቅርብ ያለ ነገር ሲያገኝ ነው። ገደል አፋፍ ላይ በቅርብ ያለ ነገር የለም፤ የሚታየው ሁሉ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ ስለዚህ ዓይን ውዝዋዜውን አያገኘውም፣ ሰውነትም የባሰ ይወዛወዛል፣ አእምሮም «ኧረ እየወደቅን ነው» ብሎ ይጮኻል። ፍርሃቱ እንግዲህ ከምንም የመጣ አይደለም ማለት ነው። ቁጭ ሲሉ፣ ሲደገፉ፣ አንድ ቅርብ ነገር ላይ ሲያተኩሩ የሚቀልለውም ለዚህ ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ ያወቁት ዱላ ይዘው ነው።

የዚያን ቀን ማታ ሳንቃበር ላይ ጭላዳዎቹን አየሁ። ከጫፉ ሃያ ሜትር ርቄ፣ ድንጋይ ተደግፌ ተቀምጬ። ቀኑን ሙሉ ሣር እየነጩ የዋሉት በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች፣ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ወደ አፋፉ ይሄዳሉ። ማደሪያቸው ገደሉ ላይ ነው፤ ነብርም ጅብም የማይደርስበት ጠባብ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች ጫፉ ጋ ደርሳ ቆመች። ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ጸሐዩ ላይ እንደ ፍም ይታያል። ግራ ቀኝ አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ዝም ብላ ወረደች፤ እኔ የግራውንድ ደረጃ እንኳ በዚያ ድፍረት አልወርድም። ልጅየው ፀጉሯን ጨብጦ ወደ ኋላ ያየኝ ነበር። ለማን እንደሳቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንሄድ ጅንባር ፏፏቴ የሚታይበት ቦታ አለ። ጅንባር ወንዝ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይዘረገፋል። ለማየት ግን ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ቀጭን ጉብታ ላይ ወጥቶ መሄድ ነው። አልሄድኩም። ይህን በግልጽ ልናገር፣ ፏፏቴውን አላየሁትም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት። ሌሎቹ ከአስጎብኚው ጋር ሄዱ። ስካውቱ እኔ ጋ ቀሩ።

ኪሴ ውስጥ የነበረ ቆሎ ዘረጋሁላቸው። በላን። ዝም አልን። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ፈርተው አያውቁም?»

«ፈርቻለሁ እንጅ» አሉኝ። «አዲስ አበባ።»

ልጃቸው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ደርሶት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሊጠይቁት ሄደው፣ ክብር ነው ተብሎ በረንዳው ጋ ያለው ክፍል ተለቀቀላቸው። እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር አደሩ። ሦስት ቀን ሲቆዩ በረንዳው ላይ አንዴም አልወጡም። ምራታቸው ቡና በረንዳው ላይ አፍልታ ብትጠራቸው ሳሎን ሆነው ነው የጠጡት።

«እንዴ! ይሄ ገደል አያስፈራዎትም፣ አራተኛ ፎቅ ያስፈራዎታል?»

«ይኸን እኮ የሠራው እግዜር ነው» አሉኝ፣ በዱላቸው ድንጋዩን ቸብ ቸብ እያደረጉ። «ይኸን ያክል ዘመን ቆሞ ዛሬ እኔ ስረግጠው ይናዳል? ያን ግን ሰው ነው የሠራው። ሲሚንቶውን ሰርቆትስ እንደሁ?»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔ ነኝ ቆሎ አንቆኝ ያለቀስኩት። ምክንያቱም ኮንትራክተሮቻችንን ሳስብ ሰውዬው ልክ ናቸው። በተጨማሪም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳ የሚፈራ ሰው አገኘሁ። ጠመንጃ የያዘ፣ የሰሜን ሰው፣ በረንዳ የሚፈራ። እኔም አራተኛ ፎቅ እንደምኖር፣ ካልሲዬን እንደምወረውር ነገርኳቸው። በጣም አዘኑልኝ። «ምነው ታዲያ መሬት ቤት አትከራይም?» አሉኝ። ዋጋውን ነገርኳቸው። ከዚያ ለፎቁም ለዋጋውም አብረን አዘንን።

ግጭ ላይ የነበረው ሌሊት ለብቻው ይነገራል። 3,600 ሜትር ነው። ውርጩ ድንኳኑ ላይ እንደ ስኳር ተነስንሶ አደረ። እኩለ ሌሊት ላይ ልቤ እንደ ከበሮ እየመታ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ ነቃሁ። በቃ ፍርሃቱ እንቅልፌ ውስጥ ገባ ብዬ ደነገጥኩ። ጠዋት አስጎብኚው ሳቀብኝ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለሆነ ልብና ሳንባ ሥራ ይበዛባቸዋል። ይሄ የተለመደ ነው አለኝ፣ ውኃ ጠጪ፣ ቀስ በይ፣ ራስ ምታቱ ከጠናብሽና ካስመለሰሽ ግን ንገሪኝ፣ እንወርዳለን። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ድንጋጤ እተርፍ ነበር። ዳገት ወጥቼ ልቤ ሲመታ «ፈራሁ» እላለሁ፣ ፈራሁ ስል ልቤ የባሰ ይመታል። ግማሹ የአየር ማነስ ነበር። እንደ እኔ ያለ ሰው ወደዚያ ከሄደ ይህን ይወቅ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት።

ሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ፣ የተራራ ጫፍ ናት። ስሟን ሳስበው አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ይመስሉኛል፣ አንቱ ማለት የሚያስፈልጋቸው። ቁመታቸው 3,926 ሜትር ነው። ከግጭ ተነሥታችሁ በጓሳው ሣር መካከል፣ በጅብራዎቹ መካከል ታልፋላችሁ። ጅብራ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖሮ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል፤ የሞቱት እዚያው እንደ ቆሙ ጠቁረው የተተከለ ምሰሶ ይመስላሉ። መንገዱ ላይ ደህና ነበርኩ። እንዲያውም እየዘፈንኩ ነበር። ከዚያ ሣሩ አለቀና ድንጋይ ጀመረ፣ ድንጋዩም እየጠበበ ሄደ፣ በሦስት በኩል ሰማይ ሆነ።

ቆምኩ። የአክስቴ ልጅ ቀድሞ ጫፉ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ለራሴ ከምፈራው ይልቅ ሰው ጫፍ ላይ ቆሞ ማየት ይብስብኛል። ሆዴ ተገለበጠ። «ና ተመለስ! እናትህ ምን ትለኛለች!» ብዬ ጮህኩ። ማሚቶዋ «ምን ትለኛለች፣ ትለኛለች» አለች። ዘንድሮ እንኳ አግዛኛለች አልኩ በልቤ። ተመለሰልኝ፣ እየተነጫነጨም ቢሆን።

ስካውቱ አጠገቤ መጡ። ነይ አላሉኝም፣ ቅሪም አላሉኝም። እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ «እያየሽ አትሂጂ። እየሄድሽ አትይ። ስትሄጂ እግርሽን፣ ስታይ ቆመሽ።»

«ቆሜ አልችልም ጋሼ።»

«እንግዲያው ተኝተሽ።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ተኝቶ ማየት እንደሚቻል። እንዴት በዚህ ዕድሜዬ እንዳልመጣልኝ አላውቅም። ሰው ገደል ሊያይ ከሆነ የግድ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ መሆን ያለበት መስሎኝ ኖሬአለሁ። ጠመንጃቸውንና ጋቢያቸውን ለአስጎብኚው ሰጡና መጀመሪያ እሳቸው በእንብርክካቸው ሄዱ። ስድሳ ዓመታቸው ነው። በየቀኑ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ለእኔ ብለው ተንበረከኩ። ከዚያ በኋላ አልመጣም ማለት ነውር ነው።

አሥራ አምስት ሜትር ያህል ዳዴ አልኩ። የማየው ድንጋዩን ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ ቢጫና ግራጫ የሆነ ሽበት የመሰለ ነገር በቅሏል። ጥላ ያለበት በረዶ ነው፣ ጸሐይ ያገኘው ይሞቃል። መዳፌ ሥር ጠጠር ሲንከባለል ልቤ ቀጥ ይላል። «እግርሽን» ይላሉ ከፊቴ፣ ሳይዞሩ። ዳዴ ለሚል ሰው እግርሽን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን እግሬን አሰብኩ። የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር በደረቴ ተሳብኩ። አገጬን ድንጋዩ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያየሁት የአሞራ ጀርባ ነው። እስከዚያ ቀን አሞራ አይቼ የማውቀው ከሥሩ ሆኜ ነው፤ ሆዱንና ክንፉን። ይሄ ከታቼ ነበር የሚያንዣብበው፣ በጣም ከታቼ፣ ጀርባው ቡናማ፣ የክንፉ ጫፍ እንደ ጣት ተዘርግቶ፣ ሳያራግብ። ጥላው ከእሱም በታች ግድግዳው ላይ ይሄዳል። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ነው አሉኝ ስካውቱ። ከአሞራው በታች ሌሎች ተራሮች አሉ፤ ጫፋቸው ከእኛ በታች የሆነ፣ አንዱ እንደ ጉልላት፣ አንዱ እንደ ጣት፣ አንዱ እንደ ተገመጠ ዳቦ። ከነሱ በታች ቆላው ነው፣ በጭጋግ ግራጫ የሆነ። እዚያ ውስጥ አንዲት ቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ አለች። ጠፋች። ጸሐዩ ሲዞር እንደገና ብልጭ አለች። የሰው ቤት ነው። ሰዎቹ በዚያ ሰዓት ምሳ እየበሉ ይሆናል፣ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ከሰማይ ሆና በደረቷ ተኝታ ጣሪያቸውን እንደምታይ ሳያውቁ።

መሬቱ አላዘነበለም። ሆዴ ድንጋዩ ላይ ስለሆነ የት እንዳለሁ ሰውነቴ ያውቀዋል። ልቤ ይመታል፣ መዳፌ ላቧል፣ ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ የትም አልሄደም። ብቻ አብሮኝ ተኝቶ ያያል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። የአክስቴ ልጅ ሰልችቶት «እንሂድ እንጂ» ማለት ጀመረ። እሱ ቆሞ ሦስት ደቂቃ ነው ያየው፣ ያንንም በስልኩ ካሜራ።

«ፍርሃቴን አሸነፍኩ» የሚል ነገር እዚህ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ። አላሸነፍኩትም። እሜት ጎጎ ላይ አልቆምኩም። ስመለስም ዳዴ እያልኩ፣ ደግሞም ወደ ኋላዬ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከመሄዱ የባሰ ክብር የሚነሣ አኳኋን ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ጨነቅ ወረድን። የቦታው ስም ራሱ ሲጠራ እንዳስጨነቀኝ ለአስጎብኚው ነግሬው ስቆ ሞተ፣ በዚህ የቀለደ የመጀመሪያዋ እንዳልሆንኩ ግን ፊቱ ያስታውቃል። ዋልያ ያየነው እዚያ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንን በስሙ ስንጠራበት የኖርነው ዋልያ፣ ቀንዱን ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ አንድ እግር እንኳ የሚያሳርፍ በማይመስል ጠርዝ ላይ ቆሞ ያመሰኳል። ሳየው ቀናሁ። እሱ ግን ዞር ብሎም አላየኝ።

ደባርቅ ላይ ስንለያይ ስካውቱን አቅፌ ተሰናበትኳቸው። አዲስ አበባ ልጃቸውን ሲጠይቁ እኔ ቤትም እንዲመጡ ለመንኳቸው። «ስንተኛ ፎቅ ነበር ያልሽኝ?» አሉ። አራተኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታች ሆነሽ ቡና አፍይ፣ እመጣለሁ።»

በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ሲቃጠል በቴሌቪዥን አየሁ። ጓሳው፣ አስታው። ሰዉ በቅጠል እየደበደበ እሳት ሊያጠፋ ገደል ለገደል ይሮጣል። ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ ሆነ ነገሩ። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ መዳፌ ላብ በላብ ሆነ። በጭሱ መካከል ጋቢ የለበሰ ቀጭን ሰው ባየሁ ቁጥር እሳቸው ይመስሉኛል።

በረንዳዬ እንዳለ ነው። አሁን ልብስ የማሰጣው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ገመዱን ዝቅ አድርጌ አሠራሁት። ጎረቤቴ መጀመሪያ ቀን ስታየኝ «ወገብሽን አሞሽ ነው?» ብላኝ ነበር። አይ፣ እንዲህ ይመቸኛል አልኳት። ካልሲ መጥፋት ቆሟል።

ፎቶዎቹን እናቴ ጋ ወስጄ አሳየኋት። የአክስቴ ልጅ እጁን ዘርግቶ፣ ሰማዩ ከኋላው፣ ልክ እንደ ማስታወቂያ። «ወይኔ ልጄን!» አለች ደረቷን ይዛ። ከዚያ የእኔ መጣ። ከኋላዬ ነው የተነሣው፤ የሚታየው የቡቴ ሶል፣ ጭቃ የበላ ሱሪ፣ ከጎኔ ደግሞ ሁለት የፕላስቲክ ጫማዎች። ፊቴ የለም። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየችው።

«ምነው፣ ወድቀሽ ነበር?»